ካፖርት በመስቀያ፣ ጫማ በበር፦ ሩሲያ ለትምህርት ለምትሄዱ

ሩሲያ ሄዶ ለመማር የሚያስብ ወጣት ስለ አገሩ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው በደርግ ዘመን እዚያ ተምረው የተመለሱ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መኮንኖች የሚያጫውቱት ነው፤ ሌላው በቲክቶክ የሚታየው በረዶና ሜትሮ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሶቪየት ኅብረት ጨዋታ ነው፤ ያ መንግሥት በ1991 ፈርሷል። ሁለተኛው ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ያለውን ኑሮ አያሳይም። እዚህ የምጽፈው ተማሪው ጠዋት ከዶርም ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ስለሚገጥመው ነገር፣ ደግሞም ነገሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ ነው። (ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መያዝ ይጠቅማል። በሩሲያ ኑሮ ውጭና ቤት በጣም ይለያያሉ። ውጭ የምለው መንገዱን፣ ቢሮውን፣ ሱቁንና የዶርሙን መግቢያ ነው፤ እዚያ ሰው አይስቅላችሁም፣ ወረቀት ይጠይቃችኋል፣ የተጻፈ ደንብ ካለ ደንቡ ነው። ቤት ውስጥ፣ በተለይ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ያው ሰው ሻይ እየቀዳ፣ «ጠግቤያለሁ» ብትሉት እንቢ እያለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያጫውታችኋል። አዲስ ገብ ተማሪ የሚጎዳው ሁለቱን ሲያምታታ ነው። የውጩን ፊት እንደ ጥላቻ ይቆጥረዋል፤ የቢሮው ወረቀት ደግሞ በይሉኝታና በልመና የሚታለፍ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ሆድ ያስብሳል፤ ሁለተኛው ግን ከአገር ያስወጣል። ስለዚህ ከወረቀቱ እጀምራለሁ።

ስኮላርሺፑ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

የሩሲያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች በኮታ የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ከ2023 ጀምሮ በዓመት 30,000 ቦታ ደርሷል። ኮታው የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ የዶርም ቦታም ያሰጣል። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የጤና መድን፣ ምግብና የክረምት ልብስ ግን ከተማሪው ኪስ ነው። ወርሃዊ ድጎማ አለ፤ ሆኖም ትንሽ ስለሆነ ኑሮን አይችልም። ወላጆች «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባሉ ይህን ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ማስላት አለባቸው። የኮታ ማመልከቻ ራሱ አይከፈልበትም፤ ለማመልከቻው ብቻ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ደላላ የሚሸጠው በነፃ የሚገኝ ነገር ነው።

ሩሲያኛ የማይችል ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው «ፖድፋክ» በሚባለው መሰናዶ ክፍል ነው። እዚያ ቋንቋውን ይማራል፣ ጎን ለጎንም እንደ ወደፊት ትምህርቱ ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ በሩሲያኛ ይማራል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፣ በተለይ በሕክምና። ነገር ግን የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ሲገባ በሽተኛው እንግሊዝኛ አያወራም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የምትማሩም ብትሆኑ ከሩሲያኛ አታመልጡም።

ስማችሁ በሩሲያ ፊደል

ትንሽ የሚመስል፣ በኋላ ግን ወራት የሚያስሮጥ ጉዳይ ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ሩሲያውያንም በአባት ስም ይጠራራሉ፤ መምህርን ስትጠሩ የራሱንና የአባቱን ስም አንድ ላይ ትላላችሁ። ኢቫን ፔትሮቪች ማለት የፒዮትር ልጅ ኢቫን ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ አይከብድም። የሚከብደው ከዚህ በላይ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስላላቸውና ቅጹ ሁሉ እሱን በቅድሚያ ስለሚጠይቅ ነው።

በዚያ ላይ ስማችን ከላቲን ወደ ሩሲያ ፊደል ሲገለበጥ እንደ ተርጓሚው ይለያያል። ሩሲያኛ «ሀ» የሚባል ድምፅ የለውም፤ «ኃይሉ»ን አንዱ «ኻይሉ»፣ ሌላው «ጋይሉ» ብሎ ይጽፈዋል። ቪዛው ላይ አንድ ዓይነት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ትርጉም ላይ ሌላ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ሦስት ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። ጸሐፊዋ ፎቶው የእናንተ መሆኑን እያየች «ይህ ሌላ ሰው ነው» ትላለች፤ እሷም ደንቧን ነው የምትከተለው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የሩሲያኛ አጻጻፍ እንደ መነሻ ያዙ፣ ለተርጓሚውም ለኖተሪውም አስቀድማችሁ አሳዩ፣ ሌላው ሰነድ ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን ይምሰል።

የት እንደምትተኙ ማወቅ የሚፈልግ መንግሥት

አየር ማረፊያ ስትደርሱ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ላይ የፍልሰት ካርድ የምትባል ትንሽ ወረቀት ይሰጧችኋል። የጉዞ ዓላማ በሚለው ቦታ «ትምህርት» መባሉን ከመስኮቱ ሳትርቁ ተመልከቱ፤ ዓላማው ሌላ ሆኖ ከተመዘገበ የተማሪ ቪዛ ማራዘሙ ይሰናከላል። ካርዷ ሳሳ ያለች ወረቀት ብትሆንም እስክትወጡ ድረስ ከፓስፖርት እኩል ትጠበቅ።

ቀጥሎ በመኖሪያ አድራሻ መመዝገብ ይመጣል። ሕጉ በአጠቃላይ ለውጭ ዜጎች 7 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሥራው የእነሱ ስለሆነ በደረሳችሁ ማግስት ሰነዳችሁን ይጠይቃሉ። የሚመዘግባችሁ የምትኖሩበት ቤት ወይም ተቋም ነው፤ ዶርም ከሆነ ዩኒቨርሲቲው፣ የተከራያችሁት ቤት ከሆነ አከራዩ። አከራይ «እናስመዘግባለን፣ ቆይ» እያለ የሚያጓትት ከሆነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢረክስ አትግቡ። ለዕረፍት አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትመለሱም ምዝገባው እንደ አዲስ ነው። ያለፈው ዓመት ወረቀት አያገለግልም፤ ብዙ ልጆች የሚያዙት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጥብቅነት ለውጭ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም። በ1932 የሶቪየት መንግሥት የውስጥ ፓስፖርትና የአድራሻ ምዝገባ አወጣ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው በየትኛው አድራሻ እንደሚያድር መንግሥት ማወቅ አለበት የሚለው አሠራር በአገሩ ተተከለ። ሩሲያውያን ራሳቸው ዛሬም በአድራሻ ይመዘገባሉ። ለውጭ ዜጎች ደግሞ ነገሩ በቅርቡ ጠንክሯል። መጋቢት 2024 ሞስኮ አጠገብ በክሮኩስ የሙዚቃ አዳራሽ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ በፍልሰተኞች ላይ ያለው ቁጥጥር ጨመረ፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮም ሕጋዊ የመቆያ መሠረት የሌላቸው ሰዎች የሚገቡበት መዝገብ ሥራ ጀምሯል። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ባንኩ ይገደብበታል፣ መኪና መንዳትና ጋብቻ ማስመዝገብ አይችልም፣ ከአገር የመባረር ሂደትም ይከተለዋል።

ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የውጭ ተማሪ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የጤና ምርመራም ያደርጋል። ምርመራው ኤችአይቪንና ቲቢን ይጨምራል፤ ውጤቱ በመቆያ ፈቃድ ላይ ሊመጣ ስለሚችል ከመሄድ በፊት አገር ቤት መመርመር ብልህነት ነው። ከትምህርት የተባረረ ተማሪ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለፍልሰት ባለሥልጣኑ ያሳውቅበታል፤ የቪዛው ዕድሜም አብሮ ያጥራል። «ከዩኒቨርሲቲ ብወጣም ሥራ እየሠራሁ እቆያለሁ» የሚለው ስሌት አይሠራም። በአንጻሩ በመደበኛ የቀን ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ከ2020 ጀምሮ ያለ ልዩ የሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ተማሪነቱ ነው ፈቃዱ።

ገንዘብና ስልክ

የባንክ ካርድ ኩባንያዎቹ ቪዛና ማስተርካርድ መጋቢት 2022 ከሩሲያ ወጥተዋል። ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር ይዛችሁ የምትሄዱት የእነሱ ካርድ ሱቅም ውስጥ ኤቲኤምም ላይ አይሠራም። አገሩ የሚጠቀመው «ሚር» የሚባለውን የራሱን ካርድና በስልክ ቁጥር ብቻ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሰከንድ የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነው። ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ የተተረጎመ ፓስፖርትና የአድራሻ ምዝገባ ይፈለጋል። ስለዚህ ከደረሳችሁበት ቀን አንስቶ ካርድ እስክታወጡ ድረስ የምትኖሩት በጥሬ ገንዘብ ነው። ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ዶላር ወይም ዩሮ በሕጋዊ መንገድ ያዙ፤ ብር እዚያ የሚመነዝር የለም።

ሲም ካርድም ከ2025 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ እንደ ድሮው ከመንገድ አይገዛም። በአካል ኩባንያው ሱቅ መቅረብ፣ የማኅበራዊ መድን ቁጥር ማውጣት፣ የፊትና የድምፅ አሻራ ባንክ ውስጥ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ፌስቡክና ኢንስታግራም ከ2022 ጀምሮ ተዘግተዋል፤ በ2025 ደግሞ በዋትስአፕና በቴሌግራም ድምፅ መደዋወል ላይ ገደብ ተጥሏል። እናት «ልጄ ጠፋ» ብላ እንዳትጨነቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስት መገናኛ ተስማሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታም የሚጠበቅ መሆኑን ንገሯት።

ቅዝቃዜው ቤት ውስጥ የለም

ስለ ሩሲያ ሲነሣ ሁሉም የሚፈራው ጥር ነው። ሞስኮ በጥር ከዜሮ በታች በአማካይ ወደ 6 ወይም 7 ዲግሪ ነው፤ 20 እና 25 የሚገባባቸው ቀናትም አሉ። ኖቮሲቢርስክና ቶምስክ ከዚህ ብዙ ይብሳሉ፤ ክራስኖዳርና ሮስቶቭ ይሻላሉ። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ካርታም ተመልከቱ።

ነገር ግን ቤቱ፣ ክፍሉ፣ ሱቁ፣ ሜትሮው ሞቃት ነው። ሕንፃዎቹ የሚሞቁት ከከተማ ማሞቂያ ጣቢያ በቧንቧ በሚመጣ ፍል ውኃ ነው፤ አብዛኛው ቦታ ተከራዩ አያበራውም አያጠፋውም። ማሞቂያው የሚለቀቀው የቀኑ አማካይ ሙቀት ለ5 ተከታታይ ቀን ከ8 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ከዚህ የሚመጣውን ልብ በሉ፦ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ውጭው ቀዝቅዞ ማሞቂያው ገና ያልተለቀቀባቸው ሳምንታት አሉ፤ አዲስ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በብርድ የሚንቀጠቀጠው በጥር ሳይሆን ያኔ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ከመጀመሪያው ሻንጣ አይቅሩ። በጥር በተቃራኒው ክፍሉ ከመሞቁ የተነሣ ሰዎች መስኮት ይከፍታሉ። በሞቃቱ ወራት ደግሞ ቧንቧው ስለሚጠገን እስከ ሁለት ሳምንት ፍል ውኃ ይቋረጣል፤ ቀኑ አስቀድሞ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ሁሉ በድስት እያሞቀ ይታጠባል።

ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ሙቀት ስለሆነ አለባበሱ ንብርብር ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ትለብሳላችሁ ታወልቃላችሁ። የክረምት ጃኬትና ጫማ እዚያው ግዙ፣ አገሩ ያውቅበታል። ጫማው ለወፍራም ካልሲ ቦታ እንዲኖረው አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ ሶሉም የሚያንሸራትት አይሁን።

ካፖርት ለብሶ ክፍል መግባት ነውር ነው። በየዩኒቨርሲቲው፣ በየቲያትር ቤቱና በየክሊኒኩ መግቢያ «ጋርዴሮብ» የሚባል የልብስ ማስቀመጫ አለ። ከባንኮኒው ኋላ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ካፖርታችሁን ተቀብለው ቁጥር ያለው ምልክት ይሰጧችኋል። አንገቱ ላይ ከውስጥ በኩል መስቀያ ማንጠልጠያ ክር ከሌለው ወይም ከተበጠሰ ግን ይቆጧችኋል፣ አንዳንዴም አልቀበልም ይላሉ። ቁጣቸውን እንደ ንቀት አትውሰዱት፤ ለሩሲያዊውም ለእናንተም እኩል ነው። መርፌና ክር ገዝታችሁ ማታ ስፉት። በሌላ ቀን አይተው «አሁን ሰው ሆንክ» ማለታቸው አይቀርም።

ከብርዱ ይልቅ ብዙዎችን የሚሰብረው ጨለማው ነው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ሰውነታችን በዚያ ነው የተቃኘው። ሞስኮ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ሲሆን 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ፒተርስቡርግ ደግሞ ብርሃኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንቅልፍ ይበዛል፣ ትምህርት ያስጠላል፣ ልጁም «ሰነፍ ሆንኩ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ስንፍና አይደለም። ቀን ብርሃን ባለበት ሰዓት ወጥቶ መንቀሳቀስና ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፒተርስቡርግ ሌሊቱ ራሱ አይጨልምም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ አደጋው ከላይ ነው። ከጣሪያ ጠርዝ የሚንጠለጠለው የበረዶ ሹል ተሰብሮ ሰው ይጎዳል፤ እግረኛ መንገድ ላይ ቀይና ነጭ ሪባን ተወጥሮ ካያችሁ በጎኑ ዙሩ፣ በሥሩ አትለፉ።

ሰው

መንገድ ላይ ለማታውቁት ሰው ፈገግ ብትሉ መልሶ ፈገግ አይልም፤ ምን ፈልጎ ነው ይላል። በእነሱ ዘንድ ፈገግታ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ባለሱቋ ፊቷን ሳትፈታ ታስተናግዳለች፤ አልተቆጣችም፣ ሥራ ላይ ናት። ያችው ሴት ሦስተኛ ወር ላይ «ዛሬ ዳቦው የትናንት ነው፣ አትውሰድ» ትላለች።

እንደ እኛ አንተና እርስዎ አላቸው፤ መምህርን፣ ጸሐፊዋን፣ የዶርሙን ዘበኛ፣ የማታውቁትን ትልቅ ሰው ሁሉ በእርስዎ ጥሩ። የዶርም በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጡ ሴት፣ ከሬክተሩ (ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊ) በላይ የዕለት ኑሯችሁን ይወስናሉ። የመግቢያ ካርድ ሳይዙ አያስገቡም፣ እንግዳ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ አያቆዩም፣ ሌሊት በሩ ተዘግቶ ከመጣችሁ ስማችሁን ይጽፋሉ። በስማቸውና በአባታቸው ስም ጠርታችሁ ጠዋት ጠዋት ሰላም በሏቸው። እኛ ለትልቅ ሰው ሰላምታ ማብዛት እናውቅበታለን፤ እዚያ የሚከፍል ሙያ ነው።

ክሊኒክ ወይም ጽሕፈት ቤት ስትደርሱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ አንዳንዱ ተቀምጦ፣ አንዳንዱ ስልኩን እየነካካ ታያላችሁ። ሰልፍ የለም፤ ተራ ግን አለ። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ የመጣው ሰው ጮክ ብሎ «ክቶ ፖስሌድኒ?» ይላል፣ የመጨረሻው ማን ነው ማለት ነው። አንዱ «እኔ» ይላል። ከዚያ ወዲያ እናንተ ከእሱ ኋላ ናችሁ፤ መልኩን ያዙ። ቀጥሎ የሚመጣው ሲጠይቅ «እኔ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ይህን ሳያደርግ ሁለት ሰዓት ቆሞ የጠበቀ ተማሪ ተራ እንደሌለው የሚነገረው በሩ ጋ ሲደርስ ነው። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው» ብሎ የሚሰነቅርም ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ያኔ የሚሰማው ጩኸት ወደ እናንተ አይደለም።

ሩሲያዊ ጓደኛ ቤቱ ከጠራችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ አይጠራም። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ኬክ ወይም ቸኮሌት ይበቃል። አበባ ከሆነ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ 3፣ 5፣ 7። ጥንድ ቁጥር ለቀብር ነው። እጅ የምትጨባበጡት ደፉን ከተሻገራችሁ በኋላ እንጂ በሩ መካከል ቆማችሁ አይደለም፤ ጠብ ያመጣል ይባላል። ጫማ እዚያው በር ላይ ይወልቃል፣ የቤት ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። ቤት ውስጥ ማፏጨት ገንዘብ ያበርራል ይላሉ። ልደትን ከቀኑ በፊት «እንኳን አደረሰህ» ማለት መጥፎ ገድ ነው፤ በልደት ቀን የሚጋብዘውም ባለልደቱ ነው።

ይህ የቤት ሙቀት ለምን ከውጩ ጋር እንዲህ እንደተራራቀ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በሶቪየት ዘመን ብዙ የከተማ ቤተሰብ አንድ ክፍል ይዞ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በሚጋራበት አፓርታማ ነበር የሚኖረው፤ የተነገረ ቃል ማን ጆሮ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶቪየቱ መሪ በክሩሽቾቭ ጊዜ ባለ አምስት ፎቅ ርካሽ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ፣ ቤተሰብ ለራሱ የሚዘጋው በርና 6 ካሬ ሜትር የምታህል ወጥ ቤት አገኘ። ሰው ከሚያምነው ወዳጁ ጋር ሳይፈራ የሚያወራው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ውጭ አፍን መቆጠብ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ልብን መክፈት ከዚያ የመጣ ነው፤ ልጅ ልጆቹም ይዘውታል። እናንተም ስለ ፖለቲካና ስለ ዩክሬኑ ጦርነት በክፍልም በማኅበራዊ ሚዲያም አፋችሁን ቆጥቡ። በ2022 ስለ ጦርነቱ ንግግር የወጣው ሕግ ለውጭ ዜጋም አይመለስም።

ፈተና በቃል ነው

አንድ ክፍለ ጊዜ «ፓራ» ይባላል፤ 90 ደቂቃ ነው። ውጤት ከ5 እስከ 2 ነው፤ 5 በጣም ጥሩ፣ 3 ማለፊያ፣ 2 መውደቂያ። የፈተና ወቅት በጥርና በሰኔ ሲሆን «ሴሲያ» ይሉታል።

ከሀገራችን ምርጫ ጥያቄ የመጣ ልጅ የሚደነግጠው በፈተናው አሰጣጥ ነው። ጥያቄዎቹ በየወረቀቱ ተጽፈው ፊታቸውን ተደፍተው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ተማሪው አንዱን ይስባል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርብና በቃል ይመልሳል። መምህሩ ያዳምጣል፣ መሃል ላይ ያቋርጣል፣ ከሌላ ምዕራፍ ያነሣል። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ፊት ቀርቦ ቀለም ያሰማ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ዝም ማለት ይጥላል፤ የምታውቁትን ጫፍ ይዛችሁ መናገር ከጀመራችሁ መምህሩ ብዙ ጊዜ እየጠየቀ ያወጣችኋል። ስለዚህ ጥናቱም በቃል ይሁን፤ ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር ጥያቄዎቹን በወረቀት ቆርጣችሁ እየሳባችሁ በሩሲያኛ ጮክ ብላችሁ መልሱ። የጥያቄዎቹ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይሰጣል።

የወደቀ ተማሪ ሁለት ጊዜ ደግሞ የመፈተን መብት አለው፤ ሁለተኛው በኮሚቴ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ መባረር ይመጣል፣ መባረር ደግሞ ላይ እንዳልኩት ቪዛውን ይነካል። ስለዚህ 2 ያገኘ ልጅ ተሸማቆ ዶርም ውስጥ መደበቅ የለበትም፤ በዚያው ሳምንት ዲን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቀን ይያዝ። በሌላው ጫፍ «ቀይ ዲፕሎማ» አለ፦ ቢያንስ 75 ከመቶው 5፣ አንድም 3 የሌለበት፣ የማጠቃለያው ፈተናም 5 የሆነ።

ጥምቀት በበረዶ ውስጥ

ኦርቶዶክስ ለሆነ ተማሪ ሩሲያ ከምዕራብ አገሮች ይልቅ የሚቀርብበት ነገር አለ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በጁሊያን አቆጣጠር ስለምትሄድ ገና የሚከበረው እንደ እኛ በጃንዋሪ 7 ነው፤ ፋሲካም ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ጥምቀታቸው ጃንዋሪ 19 ነው፤ የእኛው በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ወደ 20 ይሸጋገራል። እኛ ከተራ ብለን ታቦት በምናወጣበት ምሽት እነሱም ውኃ ይባርካሉ፤ ሰው ጠርሙስና ጄሪካን ይዞ ጠበል ይቀዳል። በሐይቅና በወንዝ ላይ በረዶው በመስቀል ቅርጽ ይቆረጣል፣ ስሙንም ዮርዳኖስ ይሉታል። ሰዎች በእንጨት መሰላል ወርደው ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችና አምቡላንስ ዳር ላይ ይቆማሉ። መግባት ግዴታ አይደለም፤ ልብና የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨርሶ አይሞክረው።

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም አላቸው። በዐቢይ ጾም ሰሞን ብዙ ምግብ ቤቶችና የተማሪ ካፌዎች «ፖስትኖዬ» የሚል የጾም ምግብ ያወጣሉ፦ በእንጉዳይ የተሠራ ግሬችካ የሚባል እህል፣ የቀይ ሥርና የባቄላ ሰላጣ፣ የጎመን ኬክ። ቃሉን ያዙት፣ ጾመኛን ከብዙ ማብራሪያ ያድናል። ጫማ ግን በቤተ ክርስቲያናቸው አይወልቅም፤ ሴት ትከናነባለች፣ ወንድ ቆቡን ያወልቃል። ማስቀደስ፣ ሻማ ማብራት፣ መጸለይ ማንም አይከለክላችሁም። ቁርባን ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን ስለማይገናኙ፣ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ሙስሊም ተማሪም ባዕድ አይሆንም። በቮልጋ ወንዝ አካባቢ እስልምና ከ922 ጀምሮ አለ፤ የሩሲያ አንዷ ክልል የሆነችው የታታርስታን ዋና ከተማ ካዛን መስጊዱም ሐላል ሥጋውም ሞልቷል፣ ከተማዋም የተማሪ ከተማ ናት።

ትልቁ በዓላቸው ግን ከሃይማኖት ውጭ ነው፤ የዲሴምበር 31 ሌሊት። ቤተሰብ በኦሊቪዬ ሰላጣና በመንደሪን ዙሪያ ይሰበሰባል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ በእነዚያ ቀናት የሚያልቅ ሰነድ ካላችሁ በዲሴምበር መጀመሪያ ጨርሱት።

ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት

ጥቁር መሆናችሁ ይታያል። በ2000ዎቹ በአፍሪካውያን ተማሪዎች ላይ የሞት አደጋ ያደረሱ የዘረኛ ወጣቶች ቡድኖች ነበሩ፤ ያ ዓይነቱ ጥቃት ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀንሷል። የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ ግን «ለስላቮች ብቻ» (ለሩሲያውያንና ለመሰሎቻቸው ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፣ ሜትሮ ውስጥም ከሌላው ይልቅ እናንተን ፖሊስ ሊያስቆም ይችላል። ያኔ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የፍልሰት ካርድና የምዝገባ ወረቀት ይታያል። ተረጋግቶ ማሳየት፣ አለመሸሽ፣ ስልክ ላይም ቅጂ መያዝ። ሌሊት ሰክረው ከሚጮሁ ቡድኖች መራቅ፤ በተለይ ከእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ።

ጫት በሩሲያ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። «ለዘመድ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠ ደረቅ ቅጠል እንኳ በአየር ማረፊያ ከተያዘ የሚያስከትለው የብዙ ዓመት እስር ነው። የሰው ዕቃ ሳትፈትሹ አትያዙ።

ገንዘብ ያጠራቸውን ወይም ቪዛቸው የተቃጠለባቸውን የውጭ ወጣቶች ጠቀም ያለ ክፍያና ፈጣን ዜግነት እያሳየ ለጦር ሠራዊት የሚመለምል አለ። ከመስከረም 2022ቱ የክተት አዋጅ ወዲህ የተፈረመ የወታደር ውል ጊዜው አለቀ ተብሎ አይወጣበትም፤ አዋጁ እስኪነሣ ይቀጥላል፣ የሚያደርሰውም ዩክሬን ግንባር ነው። ለወጣት ሴቶች ደግሞ «ሥራም ትምህርትም» ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚተዋወቅ ፕሮግራም አለ፤ አሶሺዬትድ ፕሬስ በ2024 እንደዘገበው ከአፍሪካ በዚህ መንገድ የሄዱ ሴቶች ታታርስታን ውስጥ የጦር ድሮን ሲገጣጥሙ ተገኝተዋል። በሩሲያኛ የተጻፈ፣ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ችግር ከገባችሁ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ክፍልና ሞስኮ ያለው ኤምባሲያችን አሉ፤ ቁጥራቸው በወረቀት ተጽፎ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ብርድ የስልክ ባትሪን በድንገት ይጨርሳል።

የጤና መድናችሁ የትኛውን ክሊኒክ እንደሚሸፍን ሳትታመሙ ጠይቁ። የአምቡላንስ ቁጥር 103፣ የአጠቃላይ አደጋ 112 ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ከሆነ አምቡላንሱ ለውጭ ዜጋም ያለ ክፍያ ይመጣል፤ ስልኩን የሚያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አድራሻ ስለሆነ የዶርማችሁን መንገድ፣ የሕንፃ ቁጥርና ፎቅ በሩሲያኛ በቃላችሁ ያዙ።